የሆሮ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ አውራ ዶሮ

የፊንጫው ሾፌር (ቡራዩ፣ ገፈርሳ አካባቢ)
መጋቢት 15

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ረዘም ስለሚል ታገሡኝ። አንድን አውራ ዶሮ በዓይን አይቶና በእጅ ዳብሶ ዘሩን ማወቅ ይቻላል ወይ?

እኔ ጡረታ የወጣሁ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት ከፊንጫ ስኳር ጭኜ ወደ አዲስ አበባ በማመላለስ ነው። በ1999 ዓ.ም. የጭነት ተራዬ ሁለት ቀን ቢዘገይብኝ ጊዜ የሆሮ ከተማ ወደሆነችው ሻምቡ ወጣሁና ከገበያው ሦስት ቄብና አንድ አውራ ገዛሁ። በካርቶን አድርጌ ከመቀመጫዬ ኋላ አስቀመጥኳቸው። አምቦ ላይ ለቁርስ ስንቆም አውራው ካርቶን ውስጥ እንዳለ ጮኸ፤ በረንዳው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ ተሳቢዬን ሲያይ ረዳቴ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እንግዲህ የግቢዬ ዘር የተጀመረው እንዲህ ነው።

መልካቸው አንድ ሆኖ አያውቅም። ከአንድ እቅፍ ቀይ ይወጣል፣ ገብስማ ይወጣል፣ ወሰራ ይወጣል፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ መላ አካሏ ጥቁር ሆኖ ደረቷ የሚያበራ ልበ ወርቅ ትወጣለች። አንድ የሚያደርጋቸው ሌላ ነገር ነበር። ቀልጣፎች ናቸው። ጭልፊት ገና ከሩቅ ሳይ እኔ ቀና ከማለቴ በፊት እነሱ ቁጥቋጦ ሥር ገብተዋል። ማታ ማታ ቆጥ ብሠራላቸውም ንቀውት ጽዱ ላይ ይሰፍራሉ። ባለቤቴ «ከሻምቡ ያመጣሃቸው ዶሮ ሳይሆን ጦጣ ነው» እያለች ትስቅብኛለች።

ባለፈው ሰኔ ፈንግል ገባ። በዐሥር ቀን ውስጥ ከ31 ዶሮ 19ኙ አለቁ፤ አውራውም አብሮ ሄደ። ከተረፉት አንዷ በኋላ ሞተችና 11 ሴት ዶሮ ብቻ ቀረኝ። አብዛኞቹ አናታቸው (ራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ) ነጠላ ነው፤ አንዷ አንገቷ ምንም ላባ የሌለው መላጣ ናት።

አውራ ፍለጋ የወጣሁት እንቁጣጣሽ አልፎ ዋጋ ረገብ ሲል ነው። ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ «የሆሮ ነው፣ ትናንት ከሻምቡ ነው የገባው» ብሎ አንድ ቀይ አውራ አወጣልኝ። በየት በኩል መጣ ብዬ ጠየቅኩት። «በነቀምቴ» አለኝ። እዚያ መንገድ ላይ ጎማ የጨረስኩ ሰው ነኝና ከሻምቡ የተነሣ በፊንጫና በጌዶ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ነቀምቴ ዞሮ የሚመጣ ዶሮ ዘመድ ጥየቃ የሄደ መሆን አለበት። የዚያን ጊዜ ጥዬው መሄድ ነበረብኝ። ግን አውራው ዓይኔን ወሰደው። ቀይነቱ እንደ በሰለ በርበሬ ነው፤ ጅራቱ ጥቁር ሆኖ ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴ ያብለጨልጫል። አናቱ ድርብ፣ እግሩ ቢጫና ወፍራም ነው። ያገለገለ መኪና እንደምመረምር አድርጌ መረመርኩት፦ አፉን ከፍቼ አሸተትኩ፣ ክንፉን ዘርግቼ ቅማል ፈለግኩ፣ የደረቱ አጥንት ቀጥ ማለቱን በአውራ ጣቴ ተከተልኩ፣ የእግሩ ቅርፊት መነሣት አለመነሣቱን አየሁ። ምንም እንከን የለበትም። 2.9 ኪሎ መዘነ፤ 2,400 ብር ከፍዬ ይዤው ገባሁ።

በዚያው ሰሞን ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤቴ «ጋሼ፣ የእኔን ገብስማ ለምን አይወስዱትም?» ብላኝ ነበር። አየሁት። ጉትያ የሌለው እባብ ራስ፣ አናቱ ነጠላ፣ ያውም በጠብ የተቀደደ፣ ክብደቱ 1.6 ኪሎ። በትሕትና እምቢ አልኳት።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ የተፈለፈሉት ጫጩቶች አራት ወር አልፏቸዋል። ሰባት ናቸው። ድርብ ከሆነ አውራ ተወልደው አራቱ ነጠላ ሆነው ወጡ። ከመላጣዋ እንቁላል የወጡት ሁለቱ ደግሞ እንደ እናታቸው ጥርት ያሉ መላጣ አይደሉም፤ አንገታቸው ባዶ ሆኖ ከፊት ለፊት እንደ ጭብጥ የምታህል ላባ በቅላበታለች። ይህ ሁሉ የተደበላለቀ ዘር ምልክት መስሎኛል። (ሌላው እንኳ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፦ ዕድገታቸው ፈጣን ነው፣ በዚህ ዕድሜ የድሮዎቹ 800 ግራም ቢደርሱ ነው፤ እነዚህ 1.4 ኪሎ መዝነዋል። ማታም ጽዱ ላይ አይወጡም፣ መኖ ገንዳው አጠገብ መሬት ላይ ነው የሚያድሩት።)

ፋሲካ እየደረሰ ነው። ለቀዩ አውራ 3,000 ብር የሚሰጥ ሰው በሬን አንኳኩቷል። የሆሮ ከሆነ ሚሊዮን ቢመጣ አልሸጠውም፤ ካልሆነ ግን ወጥ ይሁን። ምን ትሉኛላችሁ?


እናት ዶሮ (ሱሉልታ)
መጋቢት 16

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥዎትና ጽሑፍዎን ሳነብ ከልቤ ሳቅሁ፤ በተለይ ነቀምቴ ዘመድ ሊጠይቅ በሄደው ዶሮ።

አይቆጡኝና፣ እርስዎ የገዙት የበዓል አውራ ነው። ቀይ፣ ድርብ፣ ግዙፍ፣ ጅራቱ የሚያበራ፤ ይህ እኮ የወጥ መልክ ነው። ሰው ለበዓል ሲገዛ የሚፈልገውን ነጋዴ ያውቃል፣ ስለዚህ ያንን መልክ እየመረጠ ከየገጠሩ ይሰበስባል። ለጫጩት አባት የሚሆነውን ግን ማንም ገበያ አያወጣውም። ጥሩ አባት ያለው ሰው እቤቱ ነው የሚያስቀምጠው።

እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው። አውራ ልትመርጥ ስትል አትነካውም። ጠዋት ጥሬ በእፍኝ ትበትንና ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ታያለች። አንዳንዱ አውራ ሮጦ ይመጣና ጎሮሮውን እስኪሞላ ይለቅማል። አንዳንዱ ደግሞ አንዷን ፍሬ በመንቁሩ አንሥቶ ይጥላታል፣ መልሶ ያነሣታል፣ ቁቁቁ እያለ ሴቶቹን ይጠራል፣ እነሱ ሲደርሱ እሱ ቀና ብሎ ሰማይ ሰማይ ያያል። ያንን ትመርጣለች። መልኩ የፈለገውን ቢሆን ግድ አልነበራትም፤ ነጭን ብቻ አትወድም ነበር፣ «ለጭልፊት የተሰቀለ ባንዲራ ነው» ትላለች። ገብስማን ግን ትወደው ነበር። ሜዳ ላይ ሲተኛ ከአፈርና ከገለባ ጋር ስለሚመሳሰል ጎረቤት እንኳ ረግጦት ሊያልፍ ይችላል።

ሴቷን ግን በእጅ ነው የምትመረምራት። ከጅራቷ ሥር ያሉትን ሁለት ሹል አጥንቶች በጣቷ ትለካለች። ሁለት ጣት ከዚያም በላይ ካስገባ እየጣለች ነው፤ አንድ ጣት እንኳ ካላስገባ ወይ ቄብ ናት ወይ አርፋለች። ይህንን እኔም እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ፣ አሳስቶኝ አያውቅም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ከአዲሶቹ ጫጩቶች መካከል ቄቦቹ ስንት ናቸው? ሲያድጉ ይታቀፉ እንደሆነ ጠብቀው ይዩ። እኔ ዘንድ ከመንደሩ ቀይ አውራ የተወለዱ ሁለት ዶሮዎች አሉ። እንቁላል እንደ ጉድ ይጥላሉ፣ መታቀፍ የሚባል ነገር ግን አያውቁም። የአበሻዋ ደግሞ በተቃራኒው፣ 12 እንቁላል ከጣለች ታቀፍኩ ትላለች፤ ለማስተው ውኃ ውስጥ እየነከርኳት፣ ቁልቁል እየሰቀልኳት እንኳ እምቢ ትለኛለች። ፈንግል ግቢ ሲጨርስ ግን ግቢውን እንደገና የምትሞላው እሷ ናት።


የመስክ ባለሙያ (ሰበታ)
መጋቢት 17

ጋሼ፣ በእንስሳት እርባታ ሙያ ረጅም ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንደሚከተለው አየሁት። ፍርድዎ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃ ብለው ያቀረቧቸው ግን ሁለቱም የተሳሳቱ ናቸው። ዋናውን ማስረጃ ቅንፍ ውስጥ ከተው አልፈውታል።

በነጠላው ልጀምር። ድርብ አናት በነጠላ ላይ ያይላል። አንድ አውራ ከአንዱ ወላጁ ድርብ፣ ከሌላው ነጠላ ቢወርስ በዓይን የሚታየው ድርብ ብቻ ነው፤ ነጠላው ግን በውስጡ አለ። እንዲህ ያለ አውራ ከነጠላ ሴቶች ጋር ሲገናኝ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ነጠላ ይሆናሉ። ከሰባት አራት ማለት የሚጠበቀው ነው። ስለ መደበላለቅ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም።

ድርብ የምንለው ራሱ አንድ ነገር አይደለም። በሰፊ መደብ ላይ ብዙ ትንንሽ እሾኽ መሳይ ጉብታዎች ያሉበትና ወደ ኋላ እየቀጠነ የሚሄድ አለ። ዝቅ ብሎ በሦስት ረድፍ የተሰለፈም አለ። ሁለቱም በነጠላ ላይ ያይላሉ፤ ሁለቱ በአንድ ዶሮ ላይ ሲገናኙ ደግሞ ሦስተኛ ቅርጽ ይሰጣሉ፣ እንደ ተጨማደደ ለውዝ ያለ። ገበያው ሁሉንም ድርብ ብሎ ዋጋ ይጨምርበታል። የመጀመሪያውን ዓይነት ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ አውራ ግን የዘር ፍሬው እንቅስቃሴ ደካማ በመሆኑ እንቁላል የማስቆጠር አቅሙ ያንሳል። ይህ በደንብ የተጠና ነገር ነው። ስለዚህ ነጠላ የሚወልድልዎ ድርብ አውራ፣ ነጠላ ከማይወልደው ይሻልዎታል ብል ይገርምዎታል።

መላጣዋ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ናት። የመላጣነት ውርስ ከሁለቱም ወላጅ ሲመጣ አንገቱ ፈጽሞ ባዶ ይሆናል፤ ከአንዱ ብቻ ሲመጣ ከፊት ለፊት ያቺ ያዩዋት የላባ ጭብጥ ትቀራለች። የእርስዎ ዶሮ ጥርት ያለች መላጣ ስለሆነች ከሁለቱም ወርሳለች፤ ላባ ካለው ከየትኛውም አውራ ጋር ብትገናኝ ልጆቿ በሙሉ ባለ ጭብጥ ነው የሚሆኑት። ከሻምቡ ዛሬ የመጣ አውራ ቢያመጡላትም ውጤቱ ይኸው ነው። በዚህ ጉዳይ ቀዩ ነጻ ነው።

ቅንፉን እንየው። እናቶቹ እነዚያው፣ ግቢው ያው፣ መኖው ያው። የተለወጠው አባት ብቻ ነው፤ የአራት ወር ክብደት ግን ከ800 ግራም ወደ 1.4 ኪሎ ዘሏል። ማታ ዛፍ የሚወጣ ዘር መሬት ላይ ማደር ጀምሯል። እግራቸውን ከእናቶቻቸው እግር ጋር አጠገብ ለአጠገብ ይዘው ቢያወዳድሩ ውፍረቱን ያዩታል ብዬ እገምታለሁ። ይህ ሥጋ ለማብዛት የተመረጠ ደም ምልክት ነው። የእኔ ጥርጣሬ ሳሶ ላይ ነው። ሳሶ ከፈረንሳይ የመጣ፣ ላባው ብዙውን ጊዜ ቀይ የሆነ የሥጋ ዝርያ ነው፤ በሀገራችን ጫጩቱ በሰፊው ተሰራጭቷል፣ በየመንደሩም ከአበሻ ዶሮ ጋር ተዳቅሏል። አውራዎ ግማሽ ሳሶ ሳይሆን አይቀርም። ቢጫ እግሩ ግን አይምራዎ፤ የአበሻ ዶሮም ቢጫ እግር አለው።

ስለ ሆሮ ደግሞ አንድ የሚያጽናናዎ ነገር ልንገርዎ። ሆሮ የቦታ ስም ነው፣ የላባ ስም አይደለም። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆሮን በማሻሻል ሥራ ሲካሄድ ምርጫው በእንቁላል ብዛትና በክብደት እንጂ በቀለም አልነበረም። ከአንድ እቅፍ ቀይም ገብስማም ወሰራም ሲወጣልዎ የኖረው ዘርዎ ተበላሽቶ ሳይሆን ተፈጥሮው ስለሆነ ነው።

አሁን ምን ያድርጉ? አውራ ለመቀየር ከወሰኑ ቀዩ ከወጣ በኋላ ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር በሆዷ ይዛ ሁለት ሦስት ሳምንት ትቆያለች፤ ቀዩ ወጥ ሆኖ ከተበላ በኋላ እንኳ ልጁ ሊፈለፈል ይችላል። አዲስ የሚገባውን አውራ ለብቻው ሁለት ሳምንት ያቆዩት፣ የፈንግል ክትባት ሁሉንም ያስከትቡ። እንቁላሉ ላይ የእናቲቱን ምልክት በእርሳስ ያድርጉ፣ ጫጩቶቹ እግር ላይ ባለ ቀለም ክር ይሠሩ፤ ክሩን ሲያድጉ መቀየር እንዳይረሱ፣ ሥጋቸው ውስጥ ይገባል።

ደግሞም ከ1999 ጀምሮ ምንም አዲስ ደም ካልገባ ዶሮዎችዎ የአንድ ቤት ልጆች ናቸውና ከውጭ አውራ መግባቱ በራሱ ክፉ አይደለም። ያ የጎረቤትዎ ገብስማ ከየት እንደመጣ ጠይቀዋል?


ቀዩ አርቢ (ለገጣፎ)
መጋቢት 19

ውይይቱ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። መመዘኛ የሌለው ዘር ዘር አይባልም።

እኔ ሮድ አይላንድ ሬድ ነው የማረባው፤ ዛሬ 14 አሉኝ። በሀገሩ በአሜሪካ የዶሮ አርቢዎች ማኅበር በ1873 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ በዓመቱ የመጀመሪያውን የመልክ መመዘኛ አሳተመ፤ ሮድ አይላንድ ሬድ እዚያ ውስጥ የገባው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ዳኛው ፊት ሲቀርብ ክርክር የለም። ሰውነቱ እንደ ጡብ ረዘም ያለና ማዕዘናማ ይሁን፣ ጀርባው ቀጥ ይበል፣ ቀይነቱ ወደ ቡናማ የጠቆረ ይሁን፣ ጅራቱ ጥቁር ሆኖ አረንጓዴ ያንጸባርቅ ይላል። ከዚያም አልፎ ላባውን በጣት ከፍለህ ከሥሩ እይ ይላል፤ ሥሩም ቀይ መሆን አለበት፣ አመድ ከሆነ እንከን ነው። እኔ ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ አንድ በአንድ እያነሣሁ ላባቸውን እከፍላለሁ። ባለፈው ዓመት ካደጉት ዘጠኝ ጎረምሳ አውራዎች የላባው ሥር የጠራልኝ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ሰባቱ ተሸጡ።

የሆሮን መመዘኛ እኛው ብንጽፍስ? አንድ ቀለም እንምረጥ፣ አንድ የአናት ዓይነት እንምረጥ፣ ሌላውን እናውጣ። ያኔ ማንም ነጋዴ የፊንጫውን ሾፌር አያታልለውም።


የፊንጫው ሾፌር
መጋቢት 20

መጀመሪያ ለሁላችሁም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ባለሙያው፣ የሰጠኸኝን ትምህርት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግራቸውንም አወዳደርኩ። የእናቲቱ እግር በአመልካች ጣቴና በአውራ ጣቴ መካከል ሲገባ ጣቶቼ ይገጥማሉ፤ የወንዱ ልጇ እግር ላይ አይገጥሙም።

ለገጣፎ ያለኸው ወንድሜ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፤ ነገር ግን አልስማማም። ሊብሬ ያለው መኪና ሁሉ ጥሩ መኪና አይደለም። ሊብሬው ንጹሕ፣ ቀለሙ አዲስ፣ ሞተሩ ግን አቀበት ላይ የሚያስለቅስ ስንት አይቻለሁ። አንተ ባልከው መንገድ አንድ ቀለም መርጠን ሌላውን ብናወጣ መጀመሪያ የምትወጣው የእኔ ልበ ወርቅ ናት፤ ፈንግሉን ካለፉት 12 ዶሮዎች አንዷ እሷ ነበረች። ማን ተርፎ ማን እንደሞተ ስቆጥር ቀለም አልመረጠም። ሰባት አውራ በላባ ሥር ምክንያት ሸጥኩ ስትል ከሰባቱ አንዱ ጥሬ አንሥቶ ሴቶቹን የሚጠራ ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ።


ቀዩ አርቢ (ለገጣፎ)
መጋቢት 20

አባቴ፣ እሱንም አያለሁ። የምሸጠው በላባ ብቻ አይደለም። ግን ደግሞ እውነቱን ለመናገር የሮድ አይላንድ ሬድ ታሪክም እርስዎ ወዳሉት ያደላል፦ እንቁላል ፈላጊው ገረጣ ያለውንና ብዙ የሚጥለውን እየመረጠ ሄዶ የድሮው ጥቁር ቀይ በገዛ ሀገሩ ጥቂት ሰው እጅ ቀርቷል። እኔ መመዘኛ የምለው ለዚህ ነው፤ ካልተጻፈ ይጠፋል። ምን እንጻፍ በሚለው ላይ ግን ቀለሙን መጀመሪያ ማድረጌን እንደገና አስብበታለሁ።


እናት ዶሮ (ሱሉልታ)
መጋቢት 21

ሁለታችሁም ወንዶች ናችሁና የምታወሩት ስለ አውራ ብቻ ነው። ጫጩት ግማሹ የእናቱ አይደለም እንዴ? ጋሼ፣ ከ11ዱ ሴቶች የትኛዋ ጫጩቶቿን አሳድጋ ለቁም ነገር እንዳበቃች ያውቃሉ? የእኔ አንዲት ወሰራ ባለፈው ዓመት 11 አስፈልፍላ 9 አሳድጋለች። ሌላዋ ደግሞ መልኳ የሚያምር ጉትያ ናት፤ ጉትያዋ ዓይኗ ላይ ወርዶ ጭልፊቱን ስለማታይ ልጆቿን ሁሉ አስበላች። ጉትያዋን በመቀስ እየከረከምኩላት ነው።

ለመሆኑ ጎረቤትዎን ጠየቋት ወይ?


የፊንጫው ሾፌር
ሚያዝያ 23

ሰንበት ብዬ መጣሁ። እንኳን ከበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ፤ ፋሲካን በደስታ ነው ያሳለፍነው።

ቀዩ መጋቢት 30 ተሸጠ። ገዢው «ለርቢ ይሆናል?» አለኝ። አይሆንም፣ ለወጥ ነው፣ ግማሽ ፈረንሳይ ሳይሆን አይቀርም አልኩት። ዋጋውን 200 ብር ቀነሰብኝ፤ ወጥ ለመሥራት ዘር ምን ያደርግለታል? ብቻ ይሁን ብዬ በ2,800 ሰጠሁት።

ጎረቤቴንም ጠየቅኳት። ቡና አፍልታ አስቀምጣኝ «የገብስማው እናት እኮ የእርስዎ ናት» አለችኝ። ለካ ባለቤቴ የዛሬ አራት ዓመት፣ ጎረቤቴ ስትወልድ አራስ ጥየቃ ይዛላት ከሄደችው እንቁላል ሁለቱን ሳትበላ ከሰው በተዋሰቻት ዶሮ አስታቅፋቸው ነበር። አንደኛው አልቆጠረም፣ አንዷ ወጣች፤ የገብስማው እናት እሷ ናት። አባቱንስ አልኳት። «እሱን እግዜር ይወቀው፣ አጥር ዘሎ የመጣ ነው» አለችና ሳቀች። ባለቤቴ ይህን ሁሉ እያወቀች እኔ ገበያ ስዞር ዝም ያለችው ለምንድን ነው? ብጠይቃት «አልጠየቅኸኝም» አለችኝ።

ገብስማውን አልሸጥም ብላለች፤ አውሳኛለች። ከሚፈለፈለው ሁለት ቄብ ልሰጣት ተስማምተናል። ባለሙያው እንዳለው ሁሉም ተከተቡ፤ ገብስማውም ከመጋቢት 30 ጀምሮ ከማድ ቤት ጀርባ ለብቻው ከረመ፣ ሦስት ሳምንቱ ትናንት ወዲያ ሞላና ለቀቅኩት። እናት ዶሮ እንዳለችውም ጥሬ በተንኩ። ለመናገር አፍራለሁ፤ መጀመሪያ ራሱ በላ። ሦስት ሳምንት ታስሮ የከረመ ነው ብዬ ይቅር አልኩት። ትናንት ጠዋት ግን አንዲት የበቆሎ ፍሬ አንሥቶ ጣለ፣ አነሣ፣ ጣለ፤ መላጣዋ ሮጣ መጥታ ወሰደችበት።

ማታ ጀምበር ስትጠልቅ በአንድ ዝላይ ጽዱ ላይ ወጣ። 11ዱም ተከተሉት። የቀዩ ልጆች እንደ ልማዳቸው መኖ ገንዳው አጠገብ ተኮልኩለዋል። ባትሪዬን ይዤ ልቆጥር ስወጣ ስድስት ብቻ ሆኑብኝ። ሽለምጥማጥ ወሰደብኝ ብዬ ግቢውን ዞርኩ። አጣሁ። በኋላ ባትሪውን ወደ ላይ ሳበራ ያቺ አንገቷ ላይ ጭብጥ ላባ ያላት ቄብ፣ 1.9 ኪሎ የምትመዝነው፣ ጽዱ ላይ ሁለተኛው ቅርንጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላለች፤ ቅርንጫፉ ከክብደቷ የተነሣ ጎብጧል።

ባለሙያው፣ ይህችን ምን ላድርጋት?